ሊያስታርቁኝ የመጡት በዘፈኔ ነው

የመጀመሪያ ዘፈኔን በለቀቅሁ በሳምንቱ፣ እስራኤል አገር፣ አፉላ ኢሊት የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ሦስት ሽማግሌዎች መጡላችሁ። በሮክ ጊታር «ትተኸኝ ሄድክ» እያልኩ ስጮህ ሰምተው ሊያስታርቁኝ ነው! ጊታር የሚመታልኝን ዳዊትን በክሊፑ ከጎኔ ስላዩት፣ እሱንም አንገቱን አስደፍተው ይዘውት መጥተዋል።

«አባባ፣ ፈጥሬ የጻፍኩት ነው፤ የተወኝ ሰው የለም» ብል፣ ትልቁ ሽማግሌ «ያልተበደለ ሰው እንዲህ አይጮህም፣ ልጄ» አሉኝ።

ዳዊትን «አንተ ደግሞ ምን አድርገህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ እንጃ፤ ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ» አይለኝም!

እናቴ በዓይኗ ስትለምነኝ ምን ላድርግ? ያልበደለኝን ልጅ ይቅር አልኩት። መርቀውን ተነሡ። እፎይ ስል ትልቁ ሽማግሌ ከበሩ ዞር አሉ፦ «እንግዲህ ታርቃችኋል። ዘፈኑንም ‹ተመለሰልኝ› ብለሽ አስተካክይው።»