የጋሽ ይቀጥል ያልተዘጋ ፈተና

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ በቀብር ቀን ስለ ፈተና ማውራት ነውር መሆኑን ባውቅም፣ የእኚህን ሰው ሕይወት ከፈተና ነጥሎ ማንበብ የሚችል ስላልተገኘ፣ እኔ የባለቤታቸው ወንድም ደፍሬ በመቆሜ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጋሽ ይቀጥል ከሰዓት ጠጋኝ አባትና ከልብስ ሰፊ እናት ተወልደው፣ በስታቲስቲክስ ተመርቀው፣ ነርሶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሚፈተኑትን የችሎታ ፈተና በሚያዘጋጀው ቢሮ ተቀጠሩ። በዚያ ፈተና አንደኛ የሚባል የለም፤ የሚፈለገው ተፈታኟ መድኃኒት ለክታ መስጠት መቻሏን ማወቅ ብቻ ነው። እርሳቸውም አንድ ትክክለኛ መልስ በዕድል ሊገኝ ይችላል ብለው፣ ውሳኔው እስኪጠራ ድረስ ጥያቄ የሚጨምር ስሌት ቀመሩ። ስሌቱ «ትችላለች»፣ «አትችልም» እና «ይቀጥል» የሚሉ ሦስት ፍርዶች ሲኖሩት፣ ሦስተኛውን አብዝተው ስለወደዱት ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ።

እህቴንም ዓመታት ሲያጠኗት ኖረው፣ «ሰውዬ፣ ወይ ውሰደኝ ወይ ልቀቀኝ!» ባለቻቸው ማግስት አገቧት፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ኋላ ግን አለቆች «ፈተናው ረዘመ» ብለው በመሐል እያስቆሙ፣ መቻል አለመቻላቸው ገና ያልተለየ ነርሶችን በጅምላ አሳለፏቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይቀጥል እነዚያን ነርሶች በምሳ ሰዓት በቤታቸው በረንዳ ላይ ነጭ ለብሰው ቆመው ያዩአቸው ነበር። እህቴ «ማንም የለም፤ ብላ እንጂ!» ስትላቸው፣ እርሳቸው ተነሥተው ወንበር ያወጡላቸው ነበር። ክሊኒክ የሚባል ደጅም ዳግመኛ አልረገጡም።

ልባቸው በታመመ ጊዜ፣ ቤት ተጠርቶ ያያቸው ሐኪም ያዘዘውን መርፌ ይዛ ቤት የመጣችውን ሲስተር መጠኑን ሳታሰላ እንዳትነካቸው ከለከሏት። መለሰች። «ዕድል ነው» አሉ። ሁለተኛውንም መለሰች፤ ሦስተኛውን ሳተች፤ አራተኛውን መለሰች። «አባባ፣ እየደከሙ ነው፤ እጅዎን ይስጡኝ» እያለች ስትለምናቸው፣ ታላቋ ልጃቸውም «አባዬ፣ በቃ አሳልፋት!» ብላ ስታለቅስ፣ እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቀው አንድ ጥያቄ ጨመሩባት፤ መልሷን ሳይሰሙም ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና ውጤቷ ያልተነገራት ሲስተር ቀርተዋል። እዚያ ከበሩ ቆማ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ጸሎት እያደረሰች እንዳይመስላችሁ፤ የመጨረሻውን ጥያቄ እያሰላች ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ የእርሳቸውንም ፍርድ አያዘግይባቸው። ያነበብሁትን ግን እባካችሁ ለማንም አትድገሙት፤ ሲስተር ነገ ሥራ ትገባለች፣ ምንም ሳይጠይቅ እጁን የሚዘረጋላት በሽተኛ ያስፈልጋታል።