ሙሽራዋ አትነሳም

(አዳማ፣ የሰርግ አዳራሽ። ሙሽሮቹ ገብተው ተቀምጠዋል፣ ሙዚቃው ግን ጸጥ ብሏል። የባንዱ አለቃና ኦርጋን ተጫዋች ጋሽ እንዳልክ ማይካቸውን እንደጨበጡ የድምፅ ሠራተኛው ምንተስኖት ላይ አፍጥጠዋል።)

ጋሽ እንዳልክ፦ አስነሳት አልኩህ!

ምንተስኖት፦ ሙሽራዋን? እኔ? ገና አሁን ተቀመጠች እኮ ጋሼ! ያንን ሁሉ ቬሎ ማን ሰብስቦ ያነሳዋል?

ጋሽ እንዳልክ፦ ታዲያ ኦርጋኔና ማይኬ የሚያልፉበትን ኮምፒውተርና የድምፅ ሳጥን ወንበሯ ስር ማን ቀበረው?

ምንተስኖት፦ ዲኮር ሠሪዎቹ ናቸዋ! «ገመድ ፎቶ ያበላሻል» ብለው በጨርቅ ሸፈኑት። ለኔ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ተዉልኝ።

ጋሽ እንዳልክ፦ መብራት ብልጭ ካለ ወዲህ ኦርጋኔም ማይኬም ዲዳ ሆኗል። ሳጥኑን ነቅለህ ስካው፣ አለቀ!

ምንተስኖት፦ ሳጥኑማ በርቷል። ኮምፒውተሩ ነው አላየሁትም ያለው። ከዚሁ ሆኜ እነቅለዋለሁ።

ጋሽ እንዳልክ፦ በምን? በጸሎት?

ምንተስኖት፦ በትዕዛዝ! ኮምፒውተሩ ሊኑክስ ነው፣ የጻፍኩለትን ይፈጽማል። ሳጥኑ የተሰካበትን የዩኤስቢ በር በሙሉ «ዝጋ» እለዋለሁ፣ ከዚያ «ክፈት»። ሲከፍት ማን ማን እንዳለ እንደ አዲስ ይቆጥራል።

ጋሽ እንዳልክ፦ ልምምድ ላይ እንዲህ ብለህ የራስህን ኪቦርድ ገደልከው!

ምንተስኖት፦ እሱም በዚያው በር ነዋ የገባው። «ዝጋ» አልኩ፣ «ክፈት» የምልበት አጣሁ። ዛሬ ግን ሁሉንም ባንድ መስመር ጻፍኩት፦ ዝጋ፣ አስር ሰከንድ ጠብቅ፣ ክፈት።

ጋሽ እንዳልክ፦ ባይሠራ ገመድህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ! ከነገ ጀምሮ በፍላሽ ነው የምናጫውተው።

ምንተስኖት፦ ቢሠራስ? ስሜ የባንዱ ባነር ላይ ይጻፋል። ከስምዎ ጎን።

ጋሽ እንዳልክ፦ ከጎኔ? ከስር!

ምንተስኖት፦ ከጎን። ይኸው፣ ተጫንኩት።

ጋሽ እንዳልክ፦ ኪቦርድህ ጠፋ! የኪቦርድህ መብራት ጠፋ!

ምንተስኖት፦ ይጥፋ። መጥፋት አለበት።

ጋሽ እንዳልክ፦ የሙሽራዋ እናት አፈጠጠችብኝ። በቃ፣ ራሴ ሄጄ አስነሳታለሁ!

ምንተስኖት፦ ንክች አያደርጓትም! አምስት ሰከንድ ቀረ።

ጋሽ እንዳልክ፦ አምስት ሰከንድ ይለኛል! ሴትየዋ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ስትጨቀጭቀኝ ነው የዋለችው። ልጇን እየዳረች ነው ወይስ እኔን እየከሰሰች?

ምንተስኖት፦ ጋሼ...

ጋሽ እንዳልክ፦ ዝም በል! እንዲህ ያለች ነዝናዛ አማት ይዞ ሙሽራው ዓመት አይቆይም!

ምንተስኖት፦ ጋሼ፣ ድምፁ መጥቷል። ማይኩም እጅዎ ላይ ነው። እናትየው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደዚህ እየመጡ ነው፤ ባነሩን በኋላ ያጽፉልኛል፣ አሁን ኦርጋኑን ይምቱ!