የአሰንዳቦው ባቡር

ከጅማ ወደ ሰኮሩ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ያለውን ካኪ ለባሽ የቀበሌ ዕቃ ቤት ኃላፊ በጥያቄ ያፋጥጡት ጀመር።

«አሰንዳቦ የተገለበጠው መኪና የተባይ መርዙን ወደ ምንጩ ሲያፈስ መርዙን ማገጃ አሸዋ ከዕቃ ቤታችሁ ለምን ከለከላችሁ?»

«አባባ፣ አሸዋው የተፈቀደው ለባቡር አደጋ ብቻ ነው።»

«ማሊ? ምን አልከኝ? እኛ አገር ባቡር አለ እንዴ?»

«የለም። ሰርኩላሩ ግን የወጣው ለመላው ኢትዮጵያ ነው። አሸዋ፣ አካፋ፣ ጓንት፣ ሁሉም ባቡር ሲገለበጥ ይወጣል ይላል።»

«ያ ረቢ! ውሃውን የሚጠጡት ከብቶቻችንስ?»

«ለእነሱ ብለን አይደል አስቸኳይ ስብሰባ የተቀመጥነው! መኪናው ተሳቢ እንዳለው አንድ ጓድ አስታወሰን። ተሳቢ ካለው ፉርጎ አለው፣ ፉርጎ ካለው ባቡር ነው ብለን በሙሉ ድምፅ አጸደቅን። አሸዋው ወዲያው ወጣ፤ ምንጩም ተረፈ።»

«አልሃምዱሊላህ! ታዲያ አሁን ምን ያስጨንቅሃል?»

«ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣ የአሰንዳቦ ባቡር ጣቢያ ሹም በአስቸኳይ ቀርቦ ያስረዳ ይላል።»

«እና ሹሙን ከየት ልታመጣው ነው?»

«እሱን ፍለጋ ነው የምዞረው። ማንበብ የሚችል፣ ኮፍያ ያለው ሰው ካገኘሁ ይበቃኛል።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ማየት ሲጀምሩ፣ እኔ ኮፍያዬን ቀስ ብዬ አውልቄ ከጋዜጣዬ ጋር መቀመጫው ሥር ከተትኩት።