«ችግር የለም» የተሰረዘበት ድረ ገጽ

«ማን ሰርዢው አለሽ? ‹ችግር የለም› የሚለው ከላይ፣ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም ይሁን ብዬ አልነበረም?»

«ብለው ነበር፣ አጎቴ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ሰረዝኩት።»

ከሱቁ ደጃፍ ላይ የጫማዬን ጭቃ እየጠረግሁ የሰማሁት ይህን ነበር። ወደዚያ ሱቅ የመግባት ሐሳብ አልነበረኝም፤ ከሚዛን ከተማ መናኸሪያ ወደ ቤቴ ስወርድ ዝናብ አባሮ አስገባኝ እንጂ። ሚዛን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቃል። መጀመሪያ ተራራው ይጠፋል። ቀጥሎ የማዶው ጣሪያ ሁሉ ይጠፋል። ባጃጆቹም መብራታቸውን ብቻ ትተው ይጠፋሉ። የቆመባት ደጃፍ ብቻ ከዓለም የተረፈች ይመስለዋል ሰው፤ ልቡም ነቅቶ ሳለ ማለም ይጀምራል።

ሱቁ የአቶ ታፈሰ ነው። ታፈሰ ጠጉሩ የሸበተ የቤንች ተወላጅ ሲሆን ሥራው በመሥሪያ ቤትና በመጋዘን፣ በክሊኒክና በትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተርና የስልክ ኬብል መዘርጋት ነው። ከሸዋ ቤንች እስከ ሸኮ ድረስ የእሱ እጅ ያልነካው ግድግዳ ጥቂት ነው። በጣሪያው ላይ ሰማያዊና ግራጫ የኬብል ጥቅሎች ተንጠልጥለው፣ ጫፋቸው ወደ ታች ተለቆ፣ ቤቱ የጫካ ቡና መሐል የበቀለ ሐረግ የወረሰው ይመስላል። ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የእህቱ ልጅ ፀደንያ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነው። ከጀርባ ደግሞ ሲሞን የተባለው ሠራተኛው ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

«መምህር፣ እንኳን ዝናቡ አመጣዎት!» አለ ታፈሰ አንድ የኬብል ጥቅል ወደ እኔ እያንከባለለ። «ይቀመጡና ይፍረዱን።»

ነገሩን አስረዱኝ። ቴፒ ላይ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪውን፣ ፋርማሲውንና የተኝቶ ታካሚ ክፍሎቹን በኬብል ሊያገናኝ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጇ ሲስተር ወሰንየለሽ ለሦስት ባለሙያዎች «ዌብሳይታችሁን ላኩልኝ፣ ዛሬ አይቼ እወስናለሁ» ብላለች። ታፈሰ ደግሞ ዌብሳይት ኖሮት አያውቅም። በዚህ ክረምት ሌላ ሥራ በእጁ የለም፤ ይህም ካመለጠው ሱቁን ዘግቶ ሲሞንን ማሰናበት ነበረበት። ሲሞን ወደ ጅማ ለመሄድ ልብሱን ማጠፍ እንደጀመረ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም።

«እሷ ግን፣» አለ ታፈሰ በእህቱ ልጅ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «እንግዳ ከደጅ የምታባርር ሆናለች። እስቲ ያንብቡት!»

አነበብሁት። የሱቁ ፎቶግራፍ አለ፤ ዝናብ ያወዛው ግድግዳ ሳይቀር። ከሥሩ «የምንሠራው» የሚል አለ። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የማንሠራው። ኢንተርኔት አንሸጥም፤ መስመሩን የሚሰጠው ቴሌ ነው፣ እኛ በግቢዎ ውስጥ ኬብል እንዘረጋለን። የመብራት ምሰሶ ላይ አንወጣም። ቦታውን ሳናይ የሥራ ማብቂያ ቀን አንናገርም።»

«ሰው ሊጠይቅዎ ሲመጣ፣» አለ ታፈሰ፣ «ደጅ ላይ አቁመው ‹ሥጋ የለንም፣ ማር የለንም፣ አልጋ የለንም› ይሉታል? ‹ግባ› ነው የሚባል!»

«ከገባ በኋላ የሚበላ ቢያጣስ?» አለች ፀደንያ።

«ይፈለጋላ! ከጎረቤት ይመጣላ!»

«ኢንተርኔት ከጎረቤት አይመጣም፣ አጎቴ።»

ሲሞን ከጀርባ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አመለጠው።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? መምህር፣ የፎቁንም ፎቶ እኮ ከገጹ አወጣችብኝ! የመስታወት ፎቅ፣ ከፊቱ ቢጫ ቆብ ያደረገ ፈረንጅ የቆመበት። ግርማ ነበረው።»

«ሰውየው ማነው?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቄው። ግን ያምራል።»

«ፎቁስ? ሚዛን ውስጥ ነው?»

«ወደፊት ይሠራ ይሆናላ!»

እኔ ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር ነው የኖርሁት፤ ስለዚህ በቃሉ በኩል መጣሁበት። «አቶ ታፈሰ፣ ዌብሳይት የምትሉትን በአማርኛ ድረ ገጽ እንለዋለን። ገጽ ማለት ደግሞ ፊት ነው። የማያውቁትን ሰው ፊት አጥልቀው ቴፒ ቢሄዱና ያቺ ሴት በር ብትከፍትልዎ ምን ይሏታል?»

ጉንጩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «የኔ ፊት ምን አለው ብለው ነው፣ መምህር? ዕድሜ ብቻ ነው ያለው።»

«ሲስተር ወሰንየለሽም እሱን ነው የምትፈልገው!» አለች ፀደንያ።

በፎቁ ነገር ተሸነፈ። በዋናው ነገር ግን አልተበገረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ልጄ፣ ‹ችግር የለም› ውሸት አይደለም። ሰው ተጨንቆ ይመጣል። ኮምፒውተሩ አልሠራለት ብሎ፣ አለቃው ተቆጥቶበት፣ ላብ አጥምቆት ይመጣል። ‹ችግር የለም› ስለው ትከሻው ወረድ ይላል። የኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ከትከሻው ነው። አንቺ ኮምፒውተርሽን እንጂ ትከሻውን አላየሽም።»

ይህ ንግግር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በእኛ አገር ጨዋ ሰው የቸገረውን እንግዳ «አይሆንም» ብሎ አይቀበልም። መጀመሪያ ያጽናናዋል፤ የሚሆንና የማይሆነው ኋላ ይታያል። እኔም ለአንድ አፍታ ወደ ታፈሰ አዘነበልሁ።

ፀደንያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ውጭው ዝናብ ተመለከተች።

«አጎቴ፣ ልነግርዎት አልፈለግሁም ነበር። ሥራዎን አይተው የሚመሰክሩ ሰዎች ስልክ ቁጥር ገጹ ላይ እንዲወጣ፣ እነሱን ማስፈቀድ ነበረብኝ። የሸኮው የቡና መጋዘን ኃላፊ ሙሐመድኑር በደስታ ፈቀደ። ጌጫ ላለው ትምህርት ቤት ዳይሬክተርም ደወልሁ።»

«አለሙ! ወዳጄ ነው። ምን አለ?»

«‹አልችልም› አለ።»

የታፈሰ ፊት ተለወጠ። «ኬብሉ ተበጠሰበት?»

«ኬብሉ ደህና ይሠራል፤ ያመሰግናል። ግን ሥራው ሲያልቅ ‹ኢንተርኔቱስ?› ብሎ ጠይቆዎት ነበር። እርስዎ ‹ችግር የለም› አሉት። እሱም ለወላጆች ‹ሰኞ ኢንተርኔት ይገባል› ብሎ ተናገረ። የቴሌ መስመር ግን እዚያ ሰፈር ገና አልደረሰም ነበር። ሰኞ አለፈ፣ ወሩም አለፈ። ሰዉ ‹ዳይሬክተሩ ዋሸን› አለ። ‹የአቶ ታፈሰ እጅ እውነተኛ ነው፤ ለቃሉ ግን ዋስ መሆን አልችልም› ነው ያለኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታፈሰ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ… አይዞህ ማለቴ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አጎቴ። እሱ ግን ይደርሳል ማለትዎ መሰለው። አጠገብዎ ለቆመ ሰው ‹ችግር የለም› ማጽናኛ ነው፤ ዓይንዎን ያያል፣ ስንቱን ማመን እንዳለበት ይገምታል። እሱም እንኳ እንደ አለሙ ይሳሳታል፤ ሲጻፍማ ውል ነው። ቴፒ ሆኖ የሚያነበው ሰው ዓይንዎን አያይም። ቃሉን ብቻ ይዞ ሊከስዎት ይችላል።»

አንድ ቃል በአፍ ማጽናኛ፣ በጽሑፍ ግን ውል እንደሚሆን እኔ ለስንት ተማሪ ሰዋስው ሳስተምር አስቤው አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ለቴፒው የሚላከው ላይ…» አለ ታፈሰ።

«ልኬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ።»

«ከነ‹የማንሠራው›?»

«ከነሱ።»

ታፈሰ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «በቃ! ሲሞን፣ ሻንጣህን ቆልፍ።»

ስልኩ የጮኸው ይህን እንዳለ ነበር። ፀደንያ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጋ ፊቱ አኖረችለት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ታፈሰ። ወሰንየለሽ ነኝ፣ ከቴፒ። የላካችሁትን አየሁት። የኛ ኔትወርክ ደካማ ነው፤ የሌሎቹን የፎቅ ፎቶ ከነፈረንጁ እስኪከፍትልኝ በሽተኛ አየሁ፣ ተመለስሁ፣ አልተከፈተም። የእናንተው ወዲያው ነው የመጣ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ታፈሰ ምን እንደሚል ጠፍቶት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ከረግረጉ ማዶ አዲስ ክፍል ሠርተናል። እስከዚያ ድረስ በዚህ ዝናብ ኬብል ቀብራችሁ በሳምንት ትጨርሳላችሁ?»

የታፈሰ ከንፈር «ች» ለማለት ሲዘጋጅ በዓይኔ አየሁት። ሲሞንም አየው። ሰውየው ቃሉን እንደ ትኩስ ምግብ አፉ ውስጥ አገላበጠው፤ ከዚያ ዋጠው።

«አይሆንም፣ ሲስተር።»

የቴፒም ዝናብ፣ የሚዛንም ዝናብ አንድ ላይ ይሰማ ነበር።

«በዚህ ዝናብ የተቆፈረ ቦይ ውሃ ይሞላል» አለ ታፈሰ። «ኬብሉን ብቀብረው ለዛሬ ይሠራል፣ በኋላ ይበሰብስብዎታል። ላቦራቶሪውንና ፋርማሲውን አሁን፤ ማዶውን ዝናቡ ሲያባራ። ቀኑን ግን ቦታውን ሳላይ አልነግርዎትም።»

«ሁለቱን ሰዎችም ይህንኑ ነበር የጠየቅኋቸው። ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለ ታፈሰ። «‹ችግር የለም› ነው ያሉዎት።»

ሴትየዋ ሳቀች። «እኔ እዚሁ ረግረግ አጠገብ ነው ያደግሁት፤ የአጎቴ በሬ የሰመጠበት ቦታ ነው። የሸኮውንም ሰው ደውዬ ጠይቄዋለሁ። መጥተው ይዩልኝ። ዛሬ ቢደርሱ ማረፊያ አናጣም።»

ስልኩ ተዘጋ። ታፈሰ የኬብል መሞከሪያዎቹን ቦርሳ ከመደርደሪያ አወረደ። ከዚያም ወደ ፀደንያ ሳይዞር «ጨምሪበት» አለ።

«ምን ልጨምር?»

«በዝናብ ወራት መሬት ቆፍረን ኬብል አንቀብርም። በይ። ምክንያቱንም ጻፊ፤ ያለ ምክንያት ‹አይሆንም› ማለት ባለጌነት ነው። ከቴፒ ደግሞ ወደ ጌጫ እወጣለሁ። አለሙን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ከወላጆቹም ፊት ቢያቆመኝ እቆማለሁ።»

በዚህ መሐል ጎረቤቷ ልብስ ነጋዴ ኢክላስ፣ ጫጫታችንን ሰምታ ሻርፗን ራሷ ላይ እንደጣለች ገባች። ነገሩ ሲነገራት ዓይኗ በራ።

«ለኔም ሥሪልኝ! ‹የማንሠራው› የሚለውን እወደዋለሁ። ‹ለክቶ መመለስ ክልክል ነው! ዝም ብሎ ማየት ክልክል ነው!› ብለሽ ጻፊልኝ።»

«እሱ ቁጣ ነው፣ ኢክላስዬ» አለች ፀደንያ እየሳቀች። «ሰውን ለመከልከል አይደለም የሚጻፈው፤ መንገድ እንዳይደክም ነው። ነይ ቁጭ በይ፣ ላሳይሽ።»

እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ያየሁትንም ለአንባቢዬ ልንገር። የሚታመን የአገልግሎት ድረ ገጽ ሰው ማንን ቤቱ እንደሚያስገባ አስቀድሞ ያሳየዋል፤ ስለዚህ የሠራተኛው እውነተኛ ፎቶግራፍና ሙሉ ስም፣ ሱቁም የት እንደሆነ ይገኝበታል። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት አገር የሚያነበውን ሰው ያከብራል፤ ስለዚህ ፎቶዎቹ ጥቂትና ቀላል ናቸው። ራሱን አያሞግስም፤ ያሠሩት ሰዎች ፈቅደው በሰጡት ስልክ ይመሰከርለታል። እዚያ ላይ የተጻፈው ስልክ ሲደወል የሚያነሳ ሰው አለ። የማይቻለውን ከነምክንያቱ ስለሚናገር፣ ይቻላል ያለው ይታመናል። ዳይሬክተሩ በወላጆች ፊት አያፍርም። ሲስተሯ የማዶውን አዲስ ክፍል የትኛው ወር ላይ እንደምትከፍት ታውቃለች። ወጣቱም እንጀራ ፍለጋ አገሩን ለቆ አይሄድም። ጨዋነታችንም አይቀርም፤ «አይዞህ» የምንለው በአፋችን፣ «ይሆናል» የምንለው በጽሑፍ ይሆናል።

«የአቶ ታፈሰን ፎቶ የት ታደርጊዋለሽ?» አለች ኢክላስ።

«ከላይ። ቀዩ ጽሑፍ የነበረበት ቦታ።»

ፎቶግራፉን ወደ ላይ ሳበችው። ፊቱ ሰፋ፣ ጠበበ፣ ደግሞ ሰፋ። ኢክላስ «ትንሽ ወደ ቀኝ» ትላለች። እኔ «የለም፣ እንዲሁ መልካም ነው» እላለሁ። ሲሞን መሰላሉን በላስቲክ ጠቅልሎ ተሸከመ፤ ታፈሰ የመሞከሪያዎቹን ቦርሳ ትከሻው ላይ አደረገና ከኋላው ወጣ። «ወደ ቀኝ ነው ያልሁሽ» አለች ኢክላስ። ከመናኸሪያው በኩል የቴፒው ሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማ ነበር፤ ቀጥሎ የሚኒባሱ በር ተዘጋ፣ መብራቱም በጉሙ ውስጥ ጥቂት ሄዶ ጠፋ።