ካርድ የያዘው አልቃሽ

እትዬ ጊልጃ፣ ነይ እዚህ እኔ ጋ ተቀመጪ፤ ወለሉ እዚህ ጋ ይሞቃል። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የሞክፖ ወደባችን ንፋስ ዘንድሮ አጥንት ሰብሮ ይገባል እኮ። በይ ኦክቶፐሱን ቅመሺው፣ ሳይቀዘቅዝ።

የድሮ ተማሪዎች ማኅበራችን ዛሬ እንዴት ደመቀ! ሊቀመንበር የምንመርጥበት ቀን ስለሆነ ነው መሰለኝ፤ ሦስት ዓመት ብቅ ያላለው ሁሉ ጫማውን በራፉ ላይ አውልቋል። እጩውን የምታቀርቢው አንቺ ነሽ አሉ... እሰይ! ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኔ ምን አገባኝ? የሁላችን ስልክና የሥራ ቦታ እጁ የሚገባ ሰው ስለሆነ ጨዋ ይሁን እንጂ...

ሰው ማወቅ መቼም ሀብት ነው። አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን ተዪው፣ ከእኛ አሥር ዓመት በኋላ የተማረ። ኢንሹራንስ ይሸጣል። እንደሱ ያለ ትጉህ አላየሁም! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ? እሱ ሃምሳ ቢዝነስ ካርድ ለብቻው ተሸክሞ ጌጡ ነው። ሰርግ አይቀረው፣ ምረቃ አይቀረው፣ ለቅሶማ... ለቅሶ ላይ ማን ይስተካከለዋል?

ባለፈው ጥር እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ካሉት የለቅሶ ክፍሎች ሁለተኛው የእኛ ነበር። ሦስተኛው ውስጥ የመርከብ ኩባንያው ባለቤት እናት። የእነሱ አበባ ከበራቸው ተርፎ የእኛን በር ሸፍኖታል፤ እኛ ጋ ግን አሥራ አንድ ሰው። የባሕር አረም ስትሸጥ ለኖረች ሴት ማን ይመጣል? በዚህ መሃል ያ ሰው ጥቁር ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ገባልሽ። ፎቶዋ ፊት ሁለቴ ሰገደና «እናቴ!» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ፤ ከባለቤቱ በላይ ያለቀሰውስ ምን ይባላል?

እኔ ግን ደስ አለኝ እትዬ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ደስ አለኝ። እናቴ እኛ የማናውቀው ደግነት ሠርታለች፣ ይሄን ልጅ አንድ ቀን ርቦት አብልታዋለች ብዬ አብሬው አለቀስኩ።

ከዚያ ለለቅሶተኛ የሚቀርበውን ቀይ ሾርባ ጠጣ። ለአጎቶቼ ካርዱን በሁለት እጁ አደለ፣ ለመርከብ የሚሻለው ኢንሹራንስ የትኛው እንደሆነም አስረዳቸው። አጎቴ «ልጄ፣ እኛ እኮ ጀልባም የለን» ሲለው... እንባው ቀጥ! ዓይኑ ቧንቧ አለው እንዴ? ካርዶቹን ከሽማግሌዎቹ እጅ ለቀመ። አንዷን እኔ ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ አስቀረሁ። እንግዳ የምትመዘግበው እህቴ ጋ ሄደና፣ ስሙን ጽፎ የሰጣትን፣ ገንዘብ ያለበትን የማስተዛዘኛ ፖስታ «ይቅርታ፣ መልሺልኝ» አላት። ምስኪኗ መለሰችለት።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ «እናቴ!» ሲል ሰማሁት። እዚያ ይበልጥ አምሮለት ነበር፤ እኛ ጋ ተለማምዷላ!

ምነው ትጎሽሚኛለሽ? እያመሰገንኩ እኮ ነው። ዛሬ ጠዋትም እዚሁ በራፍ ላይ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» ብሎ ሁለተኛ ካርድ ሰጥቶኛል። ፊቴን አላወቀውም... ለነገሩ ሐዘንተኛን ማን አየው? ውይ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጠውን ሰው ሾርባው ትን አለው መሰለኝ፤ ውኃ ስጡት እንጂ!

በይ ተነሺ፣ እጩ አቅርቡ እያሉ ነው። ደስ ያለሽን ጥሪ፣ አልቀየምሽም። ለዚያ ለማውቀው ሰው ግን ምርቃት አለኝ፣ አንቺም አሜን በይ። ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝምለት። ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። ደጁ ሰው አይጣ። ቀኑ ደርሶ ሲያርፍም... ሬሳው ፊት፣ ልክ እንደሱ ያለ አልቃሽ አያሳጣው።