የአቶ ሽጉጤ የበርበሬ መደብ

አቶ ሽጉጤና ማራናታ የተገናኙት በስደት በሚኖሩበት አገር፣ ወደ ክሊፕታውን ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ሽማግሌው የጠወለገ የበርበሬ ተክል በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ለእርሻ መድኃኒት ሻጭ ቢያሳዩት ቅጠሉን ብቻ አይቶ ማዳበሪያ ይጨምሩ ብሏቸዋል። ማራናታ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ናትና በአማርኛ ሰላምታ ሰጥታ ተክሉን ተቀበለቻቸው። ሥሩ በየቦታው አባብጦ ነበር።

«የሰው ሥራ ነው» አሉ አቶ ሽጉጤ። ከአጥሩ ወዲያ ጎመን የሚያለማው ሙደሲር ቀንቶ መርዝ አፍስሶብኛል ብለው ካመኑ ሰንብተዋል፤ ሰላምታም ነፍገውታል።

«ጋሼ፣ ይህን የሚያደርገው በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ ኔማቶድ ይባላል። ሥሩ ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል፤ ተክሉም ውኃ እንደልቡ መሳብ ያቅተዋል። ትሉን የሚቋቋሙ የበርበሬ ዝርያዎች ግን አሉ።»

እሳቸው ከማረቆ ካስመጡት ዘር ሌላ መትከልን እንደ ክህደት ይቆጥሩት ነበር። እሷም ዘሩን ይጣሉ አላለችም፤ ከሌሎች ሦስት ዝርያዎች ጋር በታመመው መደብ ላይ ይፈተን አለች። ትሉ አንዱ ቦታ በዝቶ ሌላው ቦታ ሊያንስ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ዝርያ በመደቡ አራት ቦታ ይተከላል፤ ሁለት ወር ሲሞላው ተነቅሎ ሥሩ ይታያል።

«ያበበ በርበሬ ልንቀል? ልጄ፣ ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?»

«እስካሁን የተሳሳትነው ላዩን ብቻ እያየን ነው፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነው። ምክንያቱ በማይታየን ነገር ሁሉ ጎረቤት መጠርጠር ይቀናናል።

አቶ ሽጉጤ እያቅማሙም ቢሆን ተከሉ። ቀኑ ደርሶ ሲነቅሉ፣ በቁመቱ የተመኩበት ዝርያ ሥሩ በሙሉ አባብጧል። የማረቆውም እንደዚያው ነው፤ ሦስተኛው በመጠኑ ተነክቷል። አጭር ነው ብለው የናቁት አራተኛው ግን በአራቱም ቦታ ሥሩ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሽማግሌው ሥሩን በባልዲ ውኃ አጥበው ካባበጡት ጎን አስቀመጡት።

«ሙደሲርን በከንቱ ጠላሁት» አሉ በመጨረሻ።

ወዲያው አጥሩ ጋ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። ሙደሲርም አንድ ጎመን ነቅሎ አሳያቸው፤ ሥሩ ያው አባብጧል። የተከራየው መሬት ደክሟል ብሎ ሊለቀው አስቦ እንደነበር ነገራቸው።

ዛሬ አጭሩ በርበሬ መደቡን ሞልቶ ያፈራል፤ የማረቆው ዘር ንጹሕ አፈር በተሞላ ከረጢት ውስጥ ይበቅላል። ትሉ ዝርያውን ሊለምደውና ሊበረታበት ስለሚችል ማራናታ ፈተናው በየዓመቱ እንዲደገም መክራለች። ዘንድሮ ተራው የሙደሲር ጎመን ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞችም ሙደሲር ሊለቀው የነበረውን መሬት ለሦስት ዓመት አብረው ተከራይተውታል።