የክርስትና ስማቸው

ከኮልፌ ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ላፕቶፕ የታቀፈ ዓይነ ስውር ወጣት።

«ልጄ፣ እሱን ምን ታደርግበታለህ?»

«እማርበታለሁ እማማ። ያነብልኛል።»

«ማን ነው የሚያነብልህ?»

«ራሱ። ይስሙት።»

ላፕቶፑ በደረቅ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ሁለት መስመር አነበበ። በሙዚቃ ናላችንን ሲያዞር የነበረው ሹፌር ቴፑን ቀነሰው።

«በስመ አብ! ሲገዛም እንዲህ ነበር?»

«አይ፣ ያለ ፕሮግራም ባዶውን ነው የመጣው። ዊንዶውስ ልጫንበት ወይስ ሊኑክስ ብዬ ብዙ አሰብኩ። በኋላ በነፃ የሚገኘውን፣ ሊኑክስን መረጥኩ።»

«ማን ጫነልህ?»

«እኔው። ገና ሲጫን ጀምሮ እያናገረ ይመራኛል።»

«የየት አገር ሰው ነው የሠራው?»

«የአንድ አገር አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እርስ በርስ እንኳን አይተዋወቁም። ብዙዎቹ በነፃ ነው የሠሩት፣ እንደ ደቦ።»

«አማርኛውንም?»

«አማርኛውንም።»

«አንተን ሳያውቁ?»

«ሳያውቁኝ።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እሱ ዞሩ።

«የክርስትና ስማቸውን ንገረኝ፣ እሁድ ቅዳሴ ላይ ላስጠራቸው።»

«እማማ፣ የዓለም ስማቸውንም አላውቅ። ክርስቲያን ይሁኑ አይሁኑም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላስጠራ?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው ያንተን ንገረኝ።»

«ወልደ ሰንበት።»

«‹ለወልደ ሰንበት ዓይን የሆኑለትን አስብ› አስብላለሁ። እነማን እንደሆኑ ለእግዚአብሔር አይጠፋውም።»

የምወርድበት ፌርማታ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁት «ወራጅ አለ» ብዬ ላቋርጣቸው አልፈለግሁም።